መግነጢስ በሰውና በከብት ጤና ላይ ስላለው ኃይል

መግነጢስ ብረትን የሚስብ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ብረትን የሚስብ ኃይል ደዌንም ከሰውነት ስቦ ያወጣል የሚል አሳብ ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ሲነገር ኖሯል፤ ዛሬም የመግነጢስ አምባርና መታጠቂያ የስኳር በሽታን ያድናል እየተባለ ይሸጣል። ሕዝብን የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ብዙ ከብት ያላቸው ሰዎች በዚህ ነገር እውነቱን ከሐሰቱ ለይተው ቢያውቁ የሰውም የከብትም ሕይወት ይተርፋል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት ሜስመር የሚባል ሐኪም ከቪየና ወደ ፓሪስ መጥቶ በሰውነት ውስጥ የሚፈስ ረቂቅ የመግነጢስ ኃይል አለ፥ እርሱን በማስተካከል በሽታን እፈውሳለሁ እያለ ብዙ ሰው አስከተለ። በ1784 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ 16ኛው ሉዊ ሊቃውንትን መርጦ ነገሩን አስመረመረ፤ ከእነርሱም መካከል አሜሪካዊው ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቮአዝዬ ነበሩ። የሜስመር ተከታይ በአንድ ዛፍ ላይ ኃይሉን አሳደርሁ ካለ በኋላ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ዐይኑን ተሸፍኖ በዛፎቹ መካከል ተመራ፤ ልጁም ኃይል ያላደረበት ዛፍ ሥር ደርሶ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሊቃውንቱም ልጁን የጣለው የራሱ አሳብ እንጂ መግነጢስ አይደለም ብለው ፈረዱ።

የዛሬዎቹ ሻጮች ደግሞ በደም ውስጥ ብረት አለና መግነጢስ ደምን ያንቀሳቅሳል ይላሉ። በደም ውስጥ ብረት መኖሩ እውነት ነው፥ ግን እንደ ምስማር ብረት አይደለም። ፖውሊንግና ኮሪየል የተባሉ ሊቃውንት በ1936 ዓ.ም. እንዳስረዱት ኦክስጅን የተሸከመው የደም ቀለም ከመግነጢስ በጥቂቱ ይሸሻል እንጂ አይሳብም። በትልልቅ ሆስፒታሎች ያለው ኤም አር አይ የሚባለው መመርመሪያ ኃይሉ ብዙ ጊዜ 1.5 ቴስላ ነው፤ ይህም ከምድር የመግነጢስ ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚያ ውስጥ ተኝቶ የሚመረመር የስኳር ሕመምተኛ ከበሽታው ድኖ አይወጣም። እንግዲህ በእጅ ላይ የታሰረ አምባር ምን ያደርጋል?

ሆኖም ምርምሩ ከንቱ ነው ማለት አይገባም። በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይጦች የመግነጢስና የኤሌክትሪክ ኃይል በአንድነት በሚያገኛቸው ስፍራ አኑረው በደማቸው ያለው ስኳር እንደ ቀነሰ፥ ሰውነታቸውም ለኢንሱሊን ይበልጥ እንደ ታዘዘ ገልጠዋል። የመግነጢሱም መጠን 3 ሚሊቴስላ ነበረ። ይህ ግን በአይጥ የታየ ነው፤ ለሰው መድኃኒት ሆኖ አልተረጋገጠም። ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያመነጭ ሰው አምባር አምኖ መርፌውን ቢተው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። በደረቱ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ያለውም ሰው ጠንካራ መግነጢስ ወደ ደረቱ ማስጠጋት የለበትም፤ የመሣሪያውን ሥራ ያውካልና።

መግነጢስ ያለ ጥርጥር ጤናን የሚጠብቅበት ቦታ የላም ሆድ ነው። ነገሩ ሊያስቅ ይችላል፥ ግን እውነት ነው። ፍየልና በግ በከንፈራቸው እየመረጡ ይበላሉ፤ ላም ግን መኖዋን በምላሷ ጠቅልላ ጥቂት ብቻ አኝካ ትውጣለች፥ በኋላም ታመሰኳለች። ስለዚህ በድርቆሹ ውስጥ የተሰወረ ሽቦ ወይም ምስማር ሳይታወቅ ይገባል። ይህም ከአራቱ የሆድ ክፍሎች በሁለተኛው፥ ውስጡ የማር እንጀራ በሚመስለው ክፍል ይቀመጣል። ያ ክፍል ሲጨመቅ ስለቱ ግድግዳውን ይወጋል። ከፊቱ ያለው ልብ ነው፤ በመካከላቸው ስስ የሥጋ መጋረጃ ብቻ አለ። በእርግዝናዋ መጨረሻ ያለች ላም በጽንሱ ክብደት የተነሣ ይበልጥ ትጐዳለች።

ምልክቱ ይህ ነው። ላሚቱ መብላትዋን በድንገት ትተዋለች፥ ወተቷም ወዲያው ይቀንሳል። ጀርባዋን አጕብጣ ክርኖቿን ወደ ውጭ ገልጣ ትቆማለች፤ ቁልቁለት ስትወርድና ስትተኛ ታቃስታለች። በሽታው ልብ ከደረሰ ደረቷ ያብጣል፥ የአንገቷም ደም ሥር ይገተራል፤ ያን ጊዜ ተስፋዋ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በብዙ አገር የእንስሳት ሐኪም ጫፉ የተድቦለቦለ፥ 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ርዝመትና የጣት ያህል ውፍረት ያለው መግነጢስ ለላሚቱ ያውጣታል። መግነጢሱም በዚያው ክፍል ወርዶ ዕድሜዋን ሁሉ ይቀመጣል፤ የሚገባውን ሽቦ እየያዘ እንዳይወጋ ያደርጋል። ግድግዳውን ፈጽሞ አልፎ የሄደውን ሽቦ ግን አይመልስም፤ ለዚያ ሐኪም ሆዷን ይቀድዳል። መዳብን፥ አሉሚኒየምንና ፕላስቲክንም አይዝም። በአገራችን ቄራዎች በታረዱ ከብቶች ሆድ ሽቦና ምስማር ብቻ ሳይሆን ፕላስቲክ፥ ጨርቅና ገመድም ተገኝቷልና መግነጢስ የበረትን ንጽሕና አይተካም። በሽቦ የታሰረ ድርቆሽ ሲፈታ ሽቦው ተቈጥሮ ይሰብሰብ፤ አንዱ ቢጐድል ድርቆሹ ሳይፈለግ ለከብት አይሰጥ።

አንዲት ላም መግነጢስ ቀድሞ እንደ ተሰጣት ለማወቅ ሁለተኛ ማዋጥ አያስፈልግም። ኮምፓስ ከፊት እግሯ ክርን በስተኋላ ወደ ደረቷ ቢያስጠጉት፥ መግነጢስ በሆዷ ካለ መርፌው ከሰሜን ይዞራል።