ስለ ደካማና በሽተኛ ጫጩቶች አጠባበቅ

ዶሮ ማርባት የጀመረ ሰው ከጫጩቶቹ አንዱ ክንፉን ጥሎ፥ ዐይኑን ጨፍኖ፥ ከጓደኞቹ ተለይቶ ቆሞ ባየ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ «ምን መድኃኒት ልስጠው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች ከሚደክሙት ጫጩቶች ብዙዎቹ የሚሹት መድኃኒት ሳይሆን ሙቀትና ውኃ ነው። ይህ ባለመታወቁ ባለቤቱ ገንዘቡን በመድኃኒት ሲጨርስ ጫጩቱ በብርድ ይሞታል። ከዚህም የሚከፋው፥ ደካማው ጫጩት እንዲሞቅ ተብሎ ሕፃናት ወደሚተኙበት ወይም ምግብ ወደሚሠራበት ክፍል ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ ነገሩ የዶሮ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰብ ጤና ጉዳይ ይሆናል።

እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን 20 ጫጩቶች በገዛሁ ጊዜ ከዚህ ስሕተት አላመለጥሁም። በውጭ አገር ስለ ተሕዋስያን በተማርሁት ትምህርት ተመክቼ መጠጫቸውን በፈላ ውኃ ቀቀልሁ፤ ምግብ ማቅረቢያቸውን በበረኪና አጠብሁ፤ ከዚያም ካርቶኑን በሊሾው ወለል ላይ አኑሬ ተኛሁ። ሲነጋ 7ቱ ሞተው፥ የቀሩት በአንድ ማዕዘን ተደራርበው አገኘኋቸው። ምን በሽታ ገባ ብዬ የሞቱትን ሳገላብጥ፥ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት የካርቶኑን ውስጥ በእጃቸው ዳሰሱና «ይህ እኮ በረዶ ነው፤ እነዚህ እናት የላቸውም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጫጩት ለ21 ቀን ከታቀፈው እንቁላል ሲወጣ በሰውነቱ ላይ ያለው ለስላሳ ጸጉር እንጂ ላባ አይደለም። የገዛ ሰውነቱን ሙቀት ለመጠበቅ የሚያስችል ኀይል የሚያገኘው ሁለትና ሦስት ሳምንት ከቈየ በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ ሙቀቱ የእናቱ ክንፍ ነው። እናት የሌለው ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት የሚያርፍበት ስፍራ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሞቅ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው የሚለካው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት ነው።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ደግሞ ጫጩቶቹን ይመልከት። በርዷቸው እንደ ሆነ ከሙቀቱ አጠገብ ተደራርበው ያለማቋረጥ ይጮኻሉ። ሙቀት በዝቶባቸው እንደ ሆነ ከሙቀቱ ርቀው፥ ክንፋቸውን ዘርግተው፥ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ተጠግተው ከተገኙ በሌላው ወገን ነፋስ ይገባል ማለት ነው። ተመችቷቸው እንደ ሆነ ግን በየስፍራው ተበትነው ይለቅማሉ፥ ይጠጣሉ፥ ይተኛሉ፤ ድምፃቸውም ዝግ ያለ ነው። በዶሮ እርባታ ሥራ የቈዩ ሰዎች የጫጩቱን እግር በጉንጫቸው ወይም በአንገታቸው አስነክተው ብርዱን ያውቃሉ። ዘዴው እውነተኛ ነው፤ ጫጩት ወደ ፊት ማስጠጋት ግን በኋላ በምንናገረው ምክንያት መልካም ስላልሆነ፥ በእጅ አንጓ ማስነካት ይበቃል። እግሩ ከቀዘቀዘ ጫጩቱ በርዶታል።

ከማሞቂያ ሁሉ የሚበልጠው እናት ዶሮ ናት። ለመታቀፍ የተነሣሣች ዶሮ ያለችው ሰው የአንድ ቀን ጫጩቶችን በሌሊት ቀስ አድርጎ ከሥሯ ቢያስገባ ብዙ ጊዜ ትቀበላቸዋለች። ይህ የማይገኝ እንደ ሆነ የኤሌክትሪክ አምፑል ከካርቶኑ በላይ ይንጠለጠላል፤ ሆኖም ጭዱ ላይ ወድቆ ቤት እንዳያቃጥል በሽቦ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል። መብራት በሌለበት ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመካከላቸው ይቀመጣል፤ ሲቀዘቅዝም ይለወጣል። ጫጩቶቹ በርከት ያሉ ከሆኑ፥ በትልቅ ሣጥን ውስጥ ትንሽ ሣጥን አግብቶ በመካከሉ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ መጠቅጠቅ፥ ክዳኑንም በጭድ በተሞላ ጆንያ ማድረግ ይቻላል። ከራሳቸው ሰውነት የሚወጣው ሙቀት ስለማያመልጥ ሌሊቱን ያለ እሳት ያድራሉ። ለአየር መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ ግን መርሳት አይገባም።

ከሰል አቀጣጥሎ ከካርቶኑ አጠገብ ማኖር ክፉ ልማድ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ይወጣል፤ ይህም ጫጩቱንም ባለቤቱንም በእንቅልፋቸው ሊገድል ይችላል። ለ10 ጫጩት ሲባል ቤተ ሰብ ለአደጋ አይጋለጥም።

አሁን ወደ ደከመው ጫጩት እንመለስ። እርሱን ለመርዳት ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ዋና ነገር ነው፤ በመጀመሪያ ማሞቅ፥ ቀጥሎ ማጠጣት፥ በመጨረሻ ማብላት። የበረደው ጫጩት ምግብ መፍጨት ስለማይችል በግድ ማጉረስ ይጎዳዋል። ስለዚህ በትንሽ ካርቶን ለብቻው ተደርጎ፥ ደረቅ ጨርቅ ተነጥፎለት፥ ሙቅ ጠርሙስ ይቀመጥለታል። እግሩ ሲሞቅና ራሱን ቀና ሲያደርግ የአፉ ጫፍ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ይነከርለታል፤ አፍንጫው ግን እንዳይነከር ጥንቃቄ ያሻል። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢሟሟ ኀይል ይሰጠዋል። ውኃን በጉሮሮው ማንቆርቆር ሳንባው ገብቶ ስለሚገድለው አይደረግም። መጠጫውም ጥልቀት የሌለው ሳሕን ሆኖ ንጹሕ ጠጠር ይጨመርበት፤ ደካማ ጫጩት በሁለት ጣት ውኃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላልና።

ስለ ምግብ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ጫጩት ሲፈለፈል የእንቁላሉን አስኳል ቅሪት በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ ሁለት ቀን ያህል ያለ ምግብ ሊቈይ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቶሎ መብላት የጀመረው ይበረታል። ለጫጩት ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት መኖ ከሁሉ ይሻላል። ለደካማው የተቀቀለ እንቁላል አስኳል አድቅቆ በጥቂቱ መስጠት ይጠቅማል፤ የተረፈው ግን በዚያው ቀን ይጣል። ጤፍና የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የሚበላ ጫጩት ሆዱ ቢሞላም ሰውነት የሚገነባ ምግብ ስለሚጎድለው ሳያድግ ይቀራል።

ጀማሪን የሚያስደነግጡ፥ በቤት ግን የሚቃኑ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው ኩሱ በመቀመጫው ላይ ደርቆ መውጫውን መድፈኑ ነው። በጥጥና ለብ ባለ ውኃ አርሶ አለስልሶ ማጠብ፥ ከዚያም ፈጽሞ ማድረቅ ይገባል። በደረቁ መጎተት ቆዳውን ይልጣል። በሆዱ ላይ የሚታየው ትንሽ ጠባሳ እምብርቱ ስለ ሆነ ቆሻሻ መስሎት የሚነቅል ሰው ይገድለዋል። ሁለተኛው የእግሮቹ ወዲያና ወዲህ መከፈት ነው። ይህም ብዙ ጊዜ በጋዜጣ ወይም በላስቲክ ላይ ሲንሸራተት የሚመጣ ነው። ጆንያ ወይም ሻካራ ጨርቅ ማንጠፍ፥ ሁለቱንም እግሮች በተፈጥሮ አኳኋናቸው አራርቆ በቀጭን ፕላስተር ለጥቂት ቀን ማያያዝ በመጀመሪያው ሳምንት ከተደረገ ብዙውን ጊዜ ያቃናዋል።

ሞቆት፥ ጠጥቶ፥ ደርቆ ሳለ ያልተሻለው ጫጩት ግን በእውነት ታሟል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እምብርቱ ያልደረቀና ሆዱ ያበጠ፥ ሽታም ያለው ጫጩት ተሕዋስያን በእምብርቱ ገብተውበታል፤ ከእነዚህ የሚድነው ጥቂት ነው። ነጭ ተቅማጥ አብሮ የብዙዎች ሞት ሲታይ ከእናቲቱ በእንቁላል የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ደም ያለበት ኩስ ከታየ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይጠረጠራል። የዚህ በሽታ ዘር ከኩስ ጋር ወጥቶ እርጥበትና ሙቀት ባገኘ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለማጥቃት ይበቃል። የተለመደው በረኪናም አያጠፋውም። ስለዚህ በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን ጭድ ወይም ሰጋቱራ በየቀኑ አውጥቶ ደረቅ መተካት ከመድኃኒት ይቀድማል፤ መድኃኒቱም፥ ለምሳሌ አምፕሮሊየም፥ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል።

ፈንግል ከሁሉ የከፋው ነው። አፍ ከፍቶ መተንፈስ፥ አረንጓዴ ተቅማጥ፥ የአንገት መጠምዘዝና የእግር ሽባነት ምልክቶቹ ናቸው። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ የሚጠቅመው በጤነኛ ጫጩት ላይ ሲደረግ ነው፤ ቀኑንም እንደ ክትባቱ ዓይነት የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይወስናል። ሎሚ፥ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ አድርጌ አዳንሁ የሚል ሰው አይጠፋም፤ የዳነው ግን በራሱ ጊዜ የዳነ ወይም ሌላ ነገር የታመመ ነው። በፈንግል የታመሙትን የነካ እጅ ዐይንን ካሸ የሰውን ዐይን ሊያቀላና ሊያሳምም ይችላል።

ለሰው የታዘዘውን የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ በጫጩት ውኃ ውስጥ መበተን በከተሞች የተለመደ ሆኗል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። መጠኑ አይታወቅም፤ በፈንግል ላይ አይሠራም፤ ተሕዋስያኑም መድኃኒቱን እንዲለምዱና እንዲቋቋሙ ያደርጋል። ነገ ያው መድኃኒት ለልጃችን ሲታዘዝ ላይሠራ ይችላል።

ጤነኛ የሚመስል ጫጩት እንኳ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉትን ተሕዋስያን በኩሱና በጸጉሩ ይዞ ሊገኝ ይችላል። በሰው ላይ ትኩሳትና ተቅማጥ ያመጣሉ፤ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት፥ በሽማግሌዎችና ሰውነታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይበረታሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፥ የኢትዮጵያን የገጠር ቤተ ሰቦች የተመለከተ አንድ ጥናት፥ ዶሮ ባላቸው ቤቶች የሕፃናት ቁመት የተሻለ ሆኖ መገኘቱን፥ ዶሮዎቹ ሌሊት በሰው መኖሪያ ውስጥ በሚያድሩበት ግን ዝቅ ብሎ መታየቱን ገልጿል። ጥናቱ ምክንያቱን ለይቶ ባያረጋግጥም ዶሮ ማርባት ጠቃሚ፥ ከዶሮ ጋር ማደር ግን አስጊ መሆኑን ያመለክታል።

ስለዚህ የታመመው ጫጩት ካርቶን ከመኝታ ክፍልና ከማድ ቤት ውጭ፥ ነፋስና ድመት በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። ጤነኞቹ አስቀድመው፥ በሽተኛው በመጨረሻ ይመገባሉ፤ እጅም ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። መጠጫው ከሰው ዕቃ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብም። በትምህርት ቤት ጫጩት የሚያሳድጉ መምህራን ደግሞ ተማሪዎቹ ጫጩት እንዳይስሙ፥ በአጠገቡም ምሳቸውን እንዳይበሉ ቢያስተምሩ፥ ውኃና ሳሙናውን ከካርቶኑ አጠገብ ቢያኖሩ፥ ትምህርቱ በቃል ብቻ ከሚነገረው ይልቅ ይጸናል።

በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ጫጩቶች በአንድ ጊዜ ቢሞቱ ለቅርቡ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ማስታወቅ ያስፈልጋል። የቀሩትን ሳይሞቱ ብሎ ወደ ገበያ ማውጣት በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ቤት መሸጥ ነው። የሞተው በመንገድ ወይም በወንዝ አይጣል፤ ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ሊድን የማይችለውንና የሚሠቃየውን ጫጩት ማሳረፍ ጭካኔ አይደለም፤ ይህን ግን ሕፃናት ሳያዩ ትልቅ ሰው ያድርገው።

በሽታ የገባበት ካርቶን ይቃጠላል። የእንጨት ሣጥን ከሆነ ኩሱ ተፍቆ፥ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ታጥቦ፥ በበረኪና ከተነከረ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፀሐይ ይደረቅ። ዳግመኛ የሚጀምር ሰው፥ የአንድ ቀን ጫጩት ከመግዛት ይልቅ ክትባቱን የጨረሰና ላባ ያወጣ የ45 ቀን ቄብ ቢገዛ ዋጋው ከፍ ቢልም ድካሙ ይቀንስለታል። እኔም በሁለተኛው ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።