በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ

ባለፈው ሰሞን አንድ ዕጩ መምህር ከዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሞ «ይኼ ደግሞ በእጅ ተጽፎ ጋዜጣ ይባላል እንዴ?» ሲል ሰማነው። ነገሩ ስለቆጠቆጠን መልሱን ከታሪክ ፈለግን።

እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ ግሪካዊው እንድርያስ ካቫድያስ አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመሩ። በማተሚያ መኪና ሳይሆን በእጅ እያስገለበጡ ነበር የሚያወጡት፤ ያውም መጀመሪያ ላይ 24 ቅጂ ብቻ! ኋላ ማባዣ መኪና ሲገኝ ቅጂው ወደ 200 ከፍ አለ። «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ከዚያ በፊትም የሐማሴኑ ተወላጅ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም በእጅ የተጻፉ የወሬ ወረቀቶች ያሠራጩ ነበር። 24 ቅጂ ለማን ይደርሳል እንዳትሉ፤ አንዱ ጮክ ብሎ ካነበበ ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ይሰማል።

ለነገሩ በእጅ መገልበጥ ለአገራችን ሰው መች ብርቅ ሆነና! እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዚሁ ከእኛው መቅደላ አምባ ያጋዛቸው የብራና መጻሕፍት የቁም ጸሐፊዎች የእጅ ሥራ ናቸው።

ጠያቂያችን የእጅ ጽሑፉ ያማረ መሆኑን እናውቃለን። የሚቀጥለውን እትም ርዕሶች እንዲጽፍልን ብዕርና ወረቀት አዘጋጅተን እየጠበቅነው ነው።