ምዕራፍ ሰባት፦ የሟች ቤት ዕቃ የት ይገኛል?

ላስታ ውስጥ የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ በር ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም። ወሬው ከሰው አፍ ነው የሚገኘው። ስለዚህ መጀመሪያ የዕድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊውን ይጠይቁ። ማን እንዳረፈ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ፣ ቤቱ ይዘጋ እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ አዲስ አበባ ወይም ደሴ የሚኖሩ ከሆነ ተዝካሩን አውጥተው ሲመለሱ ጋንና የጠፍር አልጋ ጭነው አይሄዱም። ዐርባው ሳይወጣ ግን ስለ ዕቃ ማንሳት ነውር ነው። ሐዘንተኛ ፊት ዋጋ የጠራ ገዢ ሌላ ጊዜ ወሬ የሚነግረው አያገኝም።

የላሊበላ የቅዳሜ ገበያም አንድ መንገድ ነው። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ካለው ከአሸተን ማርያም ገዳም በኩል የሚወርደው ገበያተኛ አሮጌ ዕቃ ይዞ አይመጣም (ማንስ ጋን ተሸክሞ ያንን ቁልቁለት ይወርዳል?)፤ የየመንደሩን ወሬ ግን ይዞ ይመጣል። ወራሾች ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ ፍርድ ቤት ንብረቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ሊያዝ ይችላል፤ የፍርድ ቤቱንና የቀበሌውን ማስታወቂያ ሰሌዳ አልፎ አልፎ ማየት አይከፋም።

ዕቃውን ሲያዩ አይቸኩሉ። ጋን በጣት መገጣጠሚያ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ አለው፤ ጥርጣሬ ካለ ውኃ ሞልቶ ማሳደር ነው። መሶብ ተገልብጦ ቂጡ ይታያል፤ ብል የሚጀምረው ከዚያ ነው። የጠፍር አልጋ ላይ ይቀመጡበት፤ ጠፍሩ ሊቀየር ይችላል፣ የተሰነጠቀ እግር ግን አይታደስም።

ከዕቃው ይልቅ ሻጩን መመርመር ይበልጣል። ውርስ እስኪከፋፈል ድረስ የወራሾቹ ሁሉ የጋራ ነው፤ አንዱ ልጅ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። በትዳር የተፈራ ንብረት ከሆነም ግማሹ በሕይወት ያለችው ሚስት ድርሻ ነው። የወራሽነት ማስረጃውን ለማየት ይጠይቁ፤ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመዎ ይተዉት።

መስቀልና ብራና ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። «የአያቴ ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አሸተን ማርያም ወጥቶ ካህናቱ ለእንግዳ የሚያወጧቸውን መስቀሎችና መጻሕፍት ያየ ሰው፣ እንዲህ ያለ ንብረት ከማን ቤት እንደሚወጣ ያውቃል። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ አንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ ወደ ላሊበላ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ከቀረበልዎ ዋጋውን እንኳ አይጠይቁ፤ ለደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገሩ።