የአየር መግቢያ ለውጥ በከፍታ ላይ፦ አነስተኛ የቤንዚን ሞተር በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ

እ.ኤ.አ. በ1999 ቪትዝ በሚል ስም ለጃፓን ገበያ የቀረበችው፣ አውሮፓውያን ያሪስ ብለው የሚያውቋት የቶዮታ አነስተኛ መኪና በኢትዮጵያ ከተሞች በብዛት ከሚታዩት የቤት መኪኖች አንዷ ናት። 1.5 ሊትር ሞተር ያላት «አር ኤስ» የተባለችው ዝርያዋ ለፍጥነት ወዳዶች ታስባ የተሠራች ስትሆን፣ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የሚበዙት ግን 1.0 እና 1.3 ሊትር ሞተር ያላቸው እኅቶቿ ናቸው። በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚነዳ ሰው በቂ የሆነው ይህ ሞተር፣ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሰቆጣ ዳገት ሲገጥመው ይዝላል። ሞተሩ አየር አንሶታል፣ መግቢያውን ማስፋት ደግሞ ቀላል ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካውን የማጣሪያ ሳጥን አውልቆ በምትኩ ክፍት ሾጣጣ ማጣሪያና ሰፊ ቱቦ መግጠም አእምሮ ቶሎ የሚቀበለው መፍትሔ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይኸው አስተሳሰብ በዋግ ኽምራ ከፍታና አቧራ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚጨምር ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለ የቤንዚን ሞተር ከትናንቱ ይልቅ ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይጠበቅበታል። ለጥቂት ኃይል ሲባል ዕድሜውን የሚያሳጥር ማሻሻያ፣ በሌላ መኪና መተካት በሚከብድበት ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት ነው።

ከፍታው የወሰደው

በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በባሕር ጠለል 101.3 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በ2,250 ሜትር ላይ ወደ 77 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ጠለል 1.20 ኪሎግራም፣ በሰቆጣ ከፍታ 0.92 ኪሎግራም ያህል ይመዝናል። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ይዘት ስላልተለወጠ የሚገባው የኦክስጅን ክብደት በ24 በመቶ ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይልም በዚያው መጠን ይወርዳል። ለ1.3 ሊትሩ ሞተር የተመዘገበው ኃይል 64 ኪሎዋት ያህል ነው፤ በሰቆጣ የሚቀረው ወደ 49 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የጎደለው 15 ኪሎዋት ነው።

ቁልቁል ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ግፊቱ ይጨምራል፤ በ1,100 ሜትር ላይ ወደ 89 ኪሎፓስካል ይደርሳል። ነገር ግን የቆላው ሙቀት ትርፉን ይቀንሰዋል። በ33 ዲግሪ ሙቀት የዚያ አየር እፍጋት 1.01 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ገደማ ስለሚሆን በሸለቆውና በሰቆጣ መካከል ያለው ልዩነት 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከሸለቆው ተነሥቶ የሚወጣ ሹፌር ኃይሉ ከታች ወደ ላይ ቀስ በቀስ ሲሸሽ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማጣሪያው ተደፍኖ አይደለም።

መግቢያው ሊመልስ የሚችለው

ማጣሪያን መቀየር በከባቢው ያለውን ግፊት አይጨምርም። ማድረግ የሚችለው አየሩ ከውጭ ተነሥቶ ሲሊንደር እስኪደርስ በመንገድ ላይ የሚያጣውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ይህ ኪሳራ ስንት ነው? ለስሌት ያህል፣ በሙሉ ጉልበትና በ6,000 ዙር በደቂቃ የፋብሪካው ሳጥን፣ ማጣሪያና ቱቦ በድምሩ 2 ኪሎፓስካል ያስቀራሉ እንበል። አዲሱ መግቢያ የዚህን ግማሽ ቢያስወግድ የተገኘው 1 ኪሎፓስካል ከ77ቱ 1.3 በመቶ ነው። ከ49 ኪሎዋት ላይ ሲሰላ ከ0.7 ኪሎዋት ያነሰ ነው። ኪሳራው በሙሉ ቢወገድ እንኳ ትርፉ 1.3 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል፤ ከጠፋው 15 ኪሎዋት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ይህም የሚገኘው ፔዳሉ እስከ ወለል ሲረገጥ ብቻ ነው። በግማሽ ጉልበት ሲነዳ አየሩን የሚያግደው ዋናው ነገር ስሮትሉ ራሱ ነው፤ ሹፌሩ ኃይል ሲፈልግ ፔዳሉን ጥቂት ይጨምራል እንጂ የማጣሪያው ልዩነት አይታወቀውም። በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። በነዳጅ መርጫ በሚሠሩ ዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ላይ የተደፈነ ማጣሪያ የነዳጅ ፍጆታን የሚታይ ያህል አልለወጠም፤ የቀነሰው የመፈትለክ አቅምን ነው። «ቤንዚን ይቆጥባል» ተብሎ የሚሸጥ ሾጣጣ ማጣሪያ ቆጠባውን ከየት እንደሚያመጣ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ታዲያ ያስገጠሙት ሰዎች ለውጥ እንደተሰማቸው ለምን ይናገራሉ? ከምክንያቶቹ አንዱ ድምፅ ነው። የፋብሪካው ሳጥንና ከጎኑ የተሰካው ባዶ ክፍል ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማውን ጩኸት ለማፈን ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሲወጡ ሞተሩ ያገሳል፤ ጆሮም ግሳቱን እንደ ጉልበት ይቆጥረዋል።

የኮፈኑ ሥር ሙቀት

የፋብሪካው መግቢያ አፍ በአብዛኛው ከፊት፣ ከራዲያተሩ በላይ ወይም ከመብራቱ ኋላ ሆኖ የውጭውን ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ክፍት ሾጣጣ ማጣሪያ ግን ኮፈን ሥር ተቀምጦ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው የሞቀውን አየር ይጠጣል። ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ የሚሳበው አየር 45 ቢደርስ እፍጋቱ በ8 በመቶ ያህል ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየርም ቢሆን በመንገዱ ላይ ስለሚሞቅ የኃይል ልዩነቱ ከዚህ ያነሰ ነው፤ የሞተር መለኪያ ደረጃዎች የሙቀቱን ተጽዕኖ በካሬ ሥር የሚያሰሉትም ስለዚህ ነው። በዚያ ስሌት ኪሳራው 4 በመቶ፣ ማለትም ወደ 2 ኪሎዋት ይሆናል። ከማጣሪያው የተገኘው ከ1 ኪሎዋት በታች ነበር። ነገሩ የሚከፋው ደግሞ በዳገት ነው፤ መኪናዋ ዝግ ብላ ስትወጣ በፊት በኩል የሚገባው ነፋስ ይቀንሳል፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ይጠራቀማል። ኃይሉ በተፈለገበት ሰዓት አየሩ ይሞቃል።

የቱቦው ስፋትም የራሱ መዘዝ አለው። የአየሩን መጠን በጋለ ሽቦ የሚለካ ሴንሰር ባለው ሞተር ላይ ሴንሰሩ የሚያነበው በተሰካበት ቱቦ ውስጥ ያለውን ፍሰት ነው። ቱቦው ቢሰፋ ያው የአየር ክብደት በዝግታ ያልፋል፤ ሴንሰሩ «ጥቂት አየር» ብሎ ይዘግባል፤ ሞተሩም ቤንዚን ያሳንሳል። በዝግታ ሲነዳ የጭስ ማውጫው የኦክስጅን ሴንሰር ስሕተቱን ያርመዋል። በሙሉ ጉልበት ግን ያ እርማት ስለማይሠራ ድብልቁ እንደ ሳሳ ይቀራል፤ ሞተሩም ይግላል። ዘይት ተቀብቶ የሚሠራ የጥጥ ማጣሪያ ዘይቱ በዝቶበት ከሆነ ደግሞ ሽቦው ላይ እየተለጠፈ ንባቡን ያዛባል።

አቧራው

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአዲስ አበባም ይሠራል። ዋግ ኽምራን የሚለየው አቧራው ነው። ዝናቡ በዋናነት በሐምሌና በነሐሴ ተሰብስቦ የሚወርድበት አካባቢ ስለሆነ የዓመቱ ትልቁ ክፍል ደረቅ ነው። ወደ ዝቋላ፣ ወደ ሰሀላ ወይም ወደ አበርገሌ በሚያወርድ የጠጠር መንገድ ከፊት ያለ አይሱዙ የሚያስነሣው ደመና ውስጥ ፌልድስፓርና ኳርትዝ የመሰሉ ከሲሊንደር ብረት የሚጠነክሩ ማዕድናት ሊኖሩ ይችላሉ። የሚያሰጋው በዓይን የሚታየው አሸዋ አይደለም፤ እሱን ማንኛውም ማጣሪያ ይይዘዋል። አደገኛው በሚሊሜትር ሺኛ ሲለካ ከ5 እስከ 20 የሚሆነው ደቃቅ ነው፤ መጠኑ በፒስተን ቀለበትና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ካለው የዘይት ስስ ሽፋን ጋር ስለሚቀራረብ በመካከላቸው ገብቶ እንደ ሞረድ ያገለግላል።

የማጣሪያ ብቃት በመቶኛ ሲነገር ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አንዱ 99.5 በመቶ፣ ሌላው 98 በመቶ አቧራ ይይዛል ቢባል አድማጩ ሁለቱንም ጥሩ ናቸው ይላል። ሞተሩ የሚቀበለው ግን ያልተያዘውን ነው፤ 0.5 እና 2፣ ማለትም አራት እጥፍ። 1.3 ሊትር ሞተር በመካከለኛ ጉልበትና በ2,500 ዙር በሰዓት ወደ 49 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። በአቧራ ደመና ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ 0.1 ግራም አቧራ አለ ብለን ብንነሣ በ100 ሰዓት ጉዞ አንደኛው ማጣሪያ 2.4 ግራም፣ ሁለተኛው 9.8 ግራም ያሳልፋል። ማጣሪያ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው በአይኤስኦ 5011 መለኪያ የተገኘውን የመያዝ ብቃት ነው፤ በማሸጊያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍሰት መጨመር ነው።

ከማጣሪያው ዓይነት ይልቅ የሚከፋው የአገጣጠሙ ክፍተት ነው። የማጣሪያው ጠርዝ በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ 20 ሚሊሜትር ርዝመትና 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ተረፈ እንበል። በሙሉ ጉልበት ሞተሩ በሰከንድ 55 ሊትር ያህል ሲስብና ማጣሪያው 1 ኪሎፓስካል ሲያስቀር በዚያ ቀዳዳ የሚሾልከው ያልተጣራ አየር ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። በዝግታ ሲነዳ የሚሾልከው መጠን ይቀንሳል፤ ድርሻው ግን ይጨምራል። ምክንያቱም በወረቀቱ የሚያልፈው ፍሰት ከግፊቱ ጋር ቀጥታ ሲሄድ በቀዳዳው የሚያልፈው ከግፊቱ ካሬ ሥር ጋር ነው የሚሄደው። ከላይ በተጠቀሰው መካከለኛ ጉዞ ድርሻው 2 በመቶ ይደርሳል፤ ባለ 99.5 በመቶው ማጣሪያ ወደ 97.5 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ለሌላ መኪና ተብሎ የተሠራ ቱቦ በፕላስተርና በሽቦ ታስሮ ሲገጠም የሚቀረው ክፍተት ከዚህ ቢበልጥ አያስደንቅም። ከተገጠመ በኋላ በማጣሪያውና በስሮትሉ መካከል ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ከሳምንት ጉዞ በኋላ ጨርቁ ላይ አፈር ከታየ ያ አፈር ሲሊንደር ደርሷል።

እዚህ ላይ የወረቀት ማጣሪያን በጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር እያስነፉ ደጋግሞ መጠቀምም መነሣት አለበት። በወረቀቱ ላይ የተጋገረው አቧራ እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ ራሱ ማጣሪያ ነው፤ ጥቂት የሠራ ማጣሪያ ከአዲሱ የተሻለ ይይዛል። ከቅርብ የተለቀቀ ኃይለኛ አየር ያንን ሽፋን ከማንሣቱም በላይ ወረቀቱን ሊበሳው ይችላል። ማንፋት ግድ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከራቅ አድርጎ፣ ከዚያም ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ የብርሃን ነጥብ መፈለግ ይገባል።

ለአቧራና ለከፍታ የታሰቡ ተሽከርካሪዎች መግቢያቸውን እንዴት እንደሠሩት ማየት ይጠቅማል። በእርዳታ ድርጅቶችና በአምቡላንስ አገልግሎት የሚታወቀው የላንድክሩዘር 70 ዝርያ ብዙ ጊዜ የአየር አፉ በጎን ምሰሶው ወደ ጣሪያ ይወጣል። ይህ ለወንዝ መሻገሪያ ብቻ የታሰበ የሚመስለው አለ፤ ነገር ግን አቧራ በመንገዱ አጠገብ ስለሚወፍር ከፍ ብሎ መሳብ ማጣሪያውን ያሳርፈዋል። የከፍታውን ኪሳራ ደግሞ የሚመልሰው ቱርቦ ነው። በአነስተኛዋ መኪና ላይ ከሁለቱም የሚቀርበው የፋብሪካው ሳጥን ነው፦ አፉ ከፊት፣ ወረቀቱ ሰፊ፣ ጠርዙ የታተመ። ለዳገቱ የሚበጀው ማርሽ ቀድሞ መቀነስና ሞተሩን ኃይሉ በሚገኝበት ዙር ማቆየት ነው።

መለኪያው

ከላይ የተወሰደው 2 ኪሎፓስካል ግምት ስለሆነ በእያንዳንዱ መኪና ላይ መለካት ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ነው። ቱቦው በሰሌዳ ላይ እንደ ቀለበት ግማሽ ይታጠፋል፤ አንዱ ጫፍ ከማጣሪያው በኋላ ባለው የመግቢያ ቱቦ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ክፍት ይቀራል። በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መካከል 10.2 ሴንቲሜትር ልዩነት 1 ኪሎፓስካል ነው። መኪናዋ ስትፈተለክ ውሃው እንዳይሸሽ ሰሌዳው ለጉዞው አቅጣጫ አግድም መያዝ አለበት፤ ንባቡን የሚወስደውም ከሹፌሩ ሌላ ሰው መሆን አለበት።

መለኪያው በሰቆጣና በተከዜ ሸለቆ በአንድ ዓይነት ዙር ቢደገም አንድ የሚፈተን ነገር ይገኛል። በቱቦውና በመታጠፊያው የሚጠፋው ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር ስለሚሄድ በሰቆጣ በ9 በመቶ ገደማ ማነስ አለበት። በወረቀቱ የሚጠፋው ግን ከአየሩ ዝልግልግነት ጋር ስለሚሄድ ከሸለቆው የሚለየው በጥቂቱ ነው። የተለካው ልዩነት ወደ 9 በመቶ ከቀረበ ጠባቡ ቱቦው ነው፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ደግሞ የኪሳራው ምንጭ ማጣሪያው ስለሆነ አዲስ የወረቀት ማጣሪያ መግዛት ይበቃል።