ልብስ ጠባይን ይለውጣል?

ጥያቄ፦ ሥራዬን የምሠራው ከቤት ነው። በቢጃማ ስውል ሥራው አልገፋ ይለኛል። ልብስ ጠባይ ላይ ተጽዕኖ አለው?

መልስ፦ አዎ፣ በተለይ ለልብሱ የምንሰጠው ትርጉም። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን የምትገባን ሴት ልብ ይበሉ፤ እርምጃዋም ድምፅዋም ረጋ ይላል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ሃጆ አዳምና አዳም ጋሊንስኪ ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች አንድ ዓይነት ነጭ ጋዋን ለበሱ። «የሐኪም ነው» የተባሉት «የሠዓሊ ነው» ከተባሉት ይልቅ በተመሳሳይ ሥዕሎች መካከል ያሉ ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶችን ለይተዋል። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች የጥናቱን አንድ ሙከራ ሲደግሙ ግን ውጤቱ አልታየም። ስለዚህ ከልብስ ብቻ ተአምር አይጠብቁ።

ምክሬ፦ ለሥራ ብቻ የሚሆን ልብስ ይለዩ። ሥራ ሲጀምሩ ይልበሱት፤ ሲጨርሱ ወዲያው ያውልቁት። ሲለመድ የሥራና የዕረፍት ሰዓትዎን ይለይልዎታል።