ስለ ዕቃ የሚጻፍ ገላጭ ድርሰት

ስለ አንድ ዕቃ ድርሰት ስትጽፉ ክፍሎቹን መቁጠር ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ክፍል ስለምን እንደዚያ ሆኖ እንደ ተሠራ ካልገለጣችሁ፣ አንባቢው ዝርዝር እንጂ ዕውቀት አያገኝም። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ፦ ባለ መርፌ ቀዳዳው የእንጨት ካሜራ

ይህ ካሜራ ሌንስ የለውም። ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ ከዛፍ ጫፍ የተነሣው ጨረር በጠባቧ ቀዳዳ አልፎ ወደ ታች፣ ከሥሩ የተነሣው ደግሞ ወደ ላይ ያመራል። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ የሚያርፈው ምስል የተገለበጠ ነው። ይህን የብርሃን ጠባይ የባስራው ተወላጅ ኢብን አል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ዓመት መርምሮታል። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተርም እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ያለ ሌንስ ፎቶግራፍ ማንሣት እንደሚቻል ጽፏል።

ዛሬም በሆንግ ኮንግና በስሎቬንያ የእጅ ባለሙያዎች ይህን ካሜራ ከእንጨት ይሠሩታል። ለዚህ ሥራ ቲክን የመሰለ ጽኑ እንጨት ይመረጣል፤ በቀላሉ አይጣመምምና። ሳጥኑ ከተጣመመ በመጋጠሚያው ብርሃን ሰርጎ ፊልሙን ያበላሻል። ውስጡ ጥቁር የሚሆነው የገባው ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ምስሉን እንዳያደበዝዝ ነው። ቀዳዳዋም የምትበሳው በስስ ብረት ላይ ነው፤ በወፍራም እንጨት ላይ ብትበሳ ኖሮ እንደ ቱቦ ረዝማ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን በከለከለች ነበር። ፊልሙ ከቀዳዳዋ 50 ሚሊ ሜትር ቢርቅ፣ የቀዳዳዋ ስፋት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ እጅግ ብትሰፋ ምስሉ ይደበዝዛል፤ እጅግ ብትጠብም ብርሃኑ በጠርዟ ላይ ስለሚበተን እንደ ገና ይደበዝዛል።

ቀዳዳዋ ጠባብ በመሆኗ መዝጊያው በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ወይም ሁለት ሰኮንድ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ ለብዙ ደቂቃ ተከፍቶ ይቆያል። ስለሆነም በጎዳና የሚያልፈው ሰው ሳይቀረጽ ሲቀር የቆመው ሕንፃ ይቀረጻል፤ የፏፏቴውም ውሃ ጉም ይመስላል። ቅርቡና ሩቁ በተቀራራቢ ጥራት ይታያሉ፤ ጥራቱ ግን ከሌንስ ምስል ያንሳል። ታዲያ ሰው ስለምን ይመርጠዋል? በስልክ በቅጽበት ብዙ ምስል ማንሣት በሚቻልበት ዘመን፣ ይህ ሳጥን አንሺውን አስቀድሞ እንዲያስብና እንዲታገሥ ያስገድደዋል። ጉድለቱ የመሰለው ዝግታ ዋነኛ ውበቱ ሆኗል።

መልመጃ

1. «ስለሚጓዝ» እና «አይጣመምምና» የሚሉት ቃላት ምክንያትን ይገልጻሉ። ከምንባቡ ሌሎች ምክንያት ገላጭ ቃላትን አውጡ።

2. «እንዳያደበዝዝ» ምክንያትን ነው ወይስ ዓላማን የሚገልጸው? አስረዱ።

3. ከመሶብ፣ ከበርጩማ ወይም ከክራር አንዱን መርጣችሁ በሦስት አንቀጽ ግለጹ። ለጠቀሳችሁት ክፍል ሁሉ ምክንያቱን ጻፉ።