ፋሻው ጎኔን ወጋኝ፦ የጤና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ23 ዓመት ሰው ነኝ። ጨንቻ ተወልጄ በሴትነት አደግሁ፤ እኔ ግን ራሴን የማውቀው ወንድ ብዬ ነው። አሁን አርባ ምንጭ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ሆርሞን አልጀመርኩም። ደረቴ እንዳይታይ ከፋርማሲ የገዛሁትን የሚለጠጥ ፋሻ ጠበቅ አድርጌ አስራለሁ፤ ሱቁ እስኪዘጋ አልፈታውም። ሰሞኑን ቤተሰብ ልጠይቅ ጨንቻ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጎኔንም ወጋኝ። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ። ፋሻውን ግን ዛሬውኑ ተወው። የሚለጠጥ ፋሻ የተሠራው ለተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት ነው። ቁርጭምጭሚት አይተነፍስም፤ ጎድን አጥንት ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ፋሻው በተንቀሳቀስክ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል፤ ሳንባህ ሊሰፋ ሲል ይከለክለዋል። ሲቆይ ቆዳ ይልጣል፣ ጀርባ ያሳምማል፣ ጎድን አጥንትም ሊጎዳ ይችላል። በፕላስተር መጠቅለልም ከዚህ አይሻልም።

ጨንቻ ላይ የባሰብህ ያለ ምክንያት አይደለም። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። በአንድ ትንፋሽ የሚገባልህ ኦክስጅን ከመቶ 15 ያህል ይቀንሳል። ሰውነትህ በረጅሙ መተንፈስ በሚፈልግበት ሰዓት አንተ ደረትህን ዘግተህበታል። ስለዚህ ወደ ላይ ስትወጣ፣ ዳገት ስትሄድና ሸክም ስትሸከም ምንም ነገር አትሰር።

በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ደረታቸውን ከሚያስሩ 1,800 ሰዎች ውስጥ ከመቶ 97ቱ ቢያንስ አንድ የጤና ችግር እንደገጠማቸው ተናግረዋል። የጀርባ ሕመም፣ ሙቀት፣ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር በብዛት ከተነሱት መካከል ናቸው። በሳምንት ብዙ ቀን ማሰር ከጉዳት ጋር ጎልቶ ተያይዟል። ስለዚህ የእረፍት ቀን ይኑርህ።

በፋሻው ፋንታ ልክህ የሆነ አንድ የስፖርት ጡት ማስያዣ ይበቃል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ባይንደር ካገኘህም በትክክለኛ ልክህ ይሁን። ሁለት አትደርብ፤ በቀን ከስምንት ሰዓት አታሳልፍ፤ ለብሰኸው አትተኛ። ከለበስክ በኋላ በረጅሙ ተንፍስ፣ ሳል። ካቃተህ ጠቦሃል፣ አውልቀው። ቀሪውን ልብስ ይሠራልሃል። የአርባ ምንጭ ሙቀት ደረቱን ላሰረ ሰው ክፉ ነውና ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ የደረት ኪስ ያለው የጥጥ ሸሚዝ በቲሸርት ላይ ሳትቆልፍ ልበስ። ጨንቻ ላይማ ብርዱ ራሱ ያግዝሃል፤ በጋቢ ወይም በዶርዜ ቡሉኮ የተጠቀለለን ሰው ደረት ማን ያያል? እዚያ ፋሻ ጭራሽ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ድምፄን ለማወፈር ስጣጣር ጉሮሮዬ ይሻክራል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ስፖርት ቤት የሚሸጥ የቴስቶስትሮን መርፌ አመጣልሃለሁ አለኝ።

መልስ፦ መርፌውን እምቢ በለው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነና ስንት እንደሆነ አታውቅም። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ሲበዛ ደም ይወፍራልና የደም ምርመራ እየተደረገ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። የጋራ መርፌ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ ያስተላልፋል። አንዴ የጎረነነ ድምፅ አይመለስም። የወር አበባ ቢቆምም እርግዝና ሊመጣ ይችላል፤ ሆርሞኑም ፅንስን ይጎዳል።

ድምፅን በተመለከተ፣ ሰው የሚሰማው ውፍረትን ብቻ አይደለም። አነጋገርህን ረጋ አድርግ፣ የዓረፍተ ነገርህን መጨረሻ ከፍ አታድርግ፤ ከንፈርህን ገጥመህ ስታንጎራጉር ንዝረቱ ደረትህ ላይ እንዲሰማህ ተለማመድ። መሻከር ሲጀምር አቁም። ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ጉሮሮህ ይታይ።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ብሄድ ያጋልጡኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትህን አላቃልልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ያንተ ሁኔታ ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ወጥቷል። እዚህ ግን ብዙ ባለሙያ ስለዚህ ተምሮ አያውቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ይቀጣል፤ ሱሪ መልበስን ወይም ፀጉር መቆረጥን አይደለም። ይሁንና መንደር ሕግ አንብቦ አይፈርድምና ምስጢርህን ለማን እንደምትነግር አንተ ወስን። የልብ ወዳጅ አንድ ይበቃል። በስልክህ ያለውን ፎቶና መልእክትም ቆልፍ። ማንነትህን የሚሸከም ሰው በማጣት ሕይወትህን ለመጉዳት ካሰብክ ግን ያን ዕለት ብቻህን አትደር፤ ያንን ወዳጅህን ጥራ፣ ወደ ሕክምናም ውሰደኝ በለው።

ለእኛ ለሐኪሞች የታካሚን ምስጢር ማውጣት በሙያችን የተከለከለ፣ በሕግም የሚያስቀጣ ነው። ለምርመራ ሁሉን መናገር አይጠበቅብህም፤ «ደረቴን ለረጅም ጊዜ አስሬ ጎኔን አመመኝ» ማለት ይበቃል። ይህን ግን አትደብቅ፤ ካላወቅን መንስኤውን ሌላ ቦታ ስንፈልግ ጊዜ ይባክናል። ፋሻውን ከፈታህ በኋላ የትንፋሹ እጥረት ካልተወህ፣ ስትተነፍስ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሕመም ከቀጠለ፣ ራስህን ከሳትክ፣ ደም ካሳለህ ወይም እጅህ ከደነዘዘ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ጡትህ ላይ እብጠት ካገኘህም አስመርምር፤ ለማየት ስለሚከብድህ ብቻ ወራት እንዳታሳልፍ።